ባልና ሚስት ቤቱን ሲረካከቡ፦ ለሁለት ሳምንት ሥራ የመቀያየር ዝርዝር መመሪያ

እኛ ሰፈር፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ማክሰኞና አርብ ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ይመጣል፤ ሳይነጋ ይሄዳል። እዚህ ቤት ስንኖር ስድስት ዓመታችን ነው። ጠዋት ስነሳ በርሜሉ ሁሌም ሙሉ ነው። ማን እንደሚሞላው ጠይቄ አላውቅም።

ባለቤቴ ማታ ከመተኛቷ በፊት የማድቤቱን ቧንቧ ትንሽ ከፈት ታደርግና ከሥሩ አንድ የቆርቆሮ ሳፋ ትደፋለች። ውሃው ሲመጣ ሳፋው ላይ ጠብ ጠብ ሲል ድምፁ ይቀሰቅሳታል። ተነስታ በርሜሉን ትሞላለች፣ ሦስት ጀሪካን ትሞላለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። እኔ ደግሞ ሳፋው ለምን ተደፍቶ እንደሚያድር እንኳ አስቤው አላውቅም። ያወቅኩት ሥራ ተቀያይረን፣ የመጀመሪያው ማክሰኞ ሌሊት እንቅልፌን ለጥጬ ተኝቼ፣ ረቡዕ ጠዋት ደረቅ በርሜል ፊት የቆምኩ ዕለት ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው እኛ የሠራንበትን መንገድ ነው። የተሳሳትንበትንም አልደበቅኩም። እኔ ባል ስለሆንኩ በብዛት የምናገረው በኔ በኩል ስላየሁት ነው፤ የሷን ሳትናገር አልቀረችምና እሱንም አስገብቼዋለሁ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ብዙ ወንድ "እኔ ሚስቴን አግዛታለሁ" ይላል። እኔም እል ነበር። ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ልጅ አጥባለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ። ግን የሚያግዝ ሰው እስኪታዘዝ ይጠብቃል። ሽንኩርቱ ማለቁን ያወቀችው እሷ፣ የገዛችው እሷ፣ ስንት እንደሚላጥ የነገረችኝ እሷ። የኔ ድርሻ ቢላ መያዝ ብቻ። ስለዚህ እዚህ የምንነጋገረው ስለ እገዛ አይደለም፣ ስለ ርክክብ ነው። ሥራውን ከነሐሳቡ፣ ከነወቀሳው መረከብ።

1. ጊዜውን መምረጥ

በኩርፊያ ሰሞን አትጀምሩት። "ቆይ አንተም ቅመሰው" ተብሎ የተጀመረ መቀያየር ቅጣት ነው የሚሆነው፤ ከቅጣት ደግሞ ማንም ለሌላው አዝኖ አይወጣም፣ ቂም ይዞ እንጂ። ሰላም ሆናችሁ፣ ትንሽም ቀልድ ባለበት ጊዜ ጀምሩት።

አራስ ያለበት ቤት ይቆይ። በዓል ያለበት ሳምንትም ይለፍ። ዶሮ 12 ብልት ማውጣት ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ እኔ እስካሁን 9 ላይ ነኝ።

ዱላና ፍርሃት ባለበት ቤት ደግሞ ይህ ነገር አይሠራም። እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። እዚያ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት ነው፤ የሥራ ድርሻ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው።

ርዝመቱ ሁለት ሳምንት ይሁን። አንድ ሳምንት ሽርሽር ነው፤ ሰው ሰባት ቀን ጥርሱን ነክሶ ያልፈዋል። በሁለት ሳምንት እንጀራ ሁለቴ ይጋገራል፣ ውሃው አራት ጊዜ ይመጣል፣ ልጅ አንዴ ሳይታመም አይቀርም። ከተቻለ የወሩ መጨረሻ መሐሉ ላይ ይረፍ። ደሞዝ ሊገባ ሦስት አራት ቀን የቀረውን ጊዜ ያላየ ሰው የገንዘቡን ሸክም አያውቀውም።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ፣ ቤቱን የሚረከበው ሰው ለመጀመሪያው ሳምንት የዓመት ፈቃድ ቢወስድ ይመረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ከሱ አምስቱን ለቤታችሁ ብትሰጡ አይከፋም። ይኸው አዋጅ ለወላድ እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ሰጥቶ፣ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን! ሁለቱ ልጆቼ ሲወለዱ ሥራ ስመለስ እትብታቸው እንኳ አልደረቀም ነበር። እናት ሁሉን አውቃ አባት እንግዳ የሚሆንበት መንገድ ከዚያ ይጀምራል ብዬ አስባለሁ።

ሁለተኛውን ሳምንት ግን ሥራ እየገባችሁ ሥሩት። ዋናው ፈተና እሱ ነው።

2. ሦስት ቀን መጻፍ

አንድ ደብተር ግዙ። ለሦስት ቀን እያንዳንዳችሁ ሁለት ዝርዝር ጻፉ፤ አንዱ "እኔ የምሠራው"፣ ሌላው "አንተ ወይም አንቺ የምትሠራው ይመስለኛል"። አትተያዩ። በአራተኛው ቀን ማታ ልጆች ሲተኙ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ።

እኔ ለሷ 11 ነገር ጻፍኩ። እሷ ለራሷ 34። ልዩነቱን ሳይ መጀመሪያ ያጋነነች መስሎኝ ነበር። ዝርዝሩን ሳነብ አፌ ተያዘ። እንዲህ ይላል፦

የትንሹ ጫማ እየጠበበው መሆኑን ማየት። ለጎረቤት ልጅ ልደት ምን እንደሚወሰድ ማሰብ። እርሾ ማስቀረት። የትልቋን ሳል መቁጠር፤ ሦስተኛ ሌሊት ካለፈ ጤና ጣቢያ። ለእናትህ እሁድ መደወል፤ አንተ ስለምትረሳ።

የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። እናቴ "ልጄ አይረሳኝም" ብላ ለዕድርተኛው ሁሉ ትናገራለች።

በተራዬ ደግሞ እሷ ለኔ 6 ጻፈች፤ እኔ 17። ኪራይ፣ የመብራት ካርድ፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደላላ ስልክ ማንሳት፣ ሲሊንደር ማስሞላት። ከነዚህ ውስጥ እሷ ያላወቀችው "ሰው መከልከል" የሚለውን ነበር። "ምን ማለት ነው?" አለችኝ። "ሲደርስ ታዪዋለሽ" አልኳት።

3. የሚቀየረውንና የማይቀየረውን መለየት

ሁሉ ነገር አይቀየርም። የኔን ቢሮ እሷ አትገባልኝም፤ እሷ የምታስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት እኔን ቢያስገባ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ጡት ማጥባት አይቀየርም። መንጃ ፈቃድ የሌለው መኪና አይነዳም። አቅም የሚጠይቀውን ነገር ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

የቀረው ይቀየራል። "ይሄ እንኳ የሴት ነው"፣ "ይሄ የወንድ ነው" የሚለውን ለሁለት ሳምንት ብቻ ወደ ጎን አድርጉት። "ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት" የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ሕጉም አንድ ጊዜ እንደዚያ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት ቤታቸውን በመምራት እኩል ናቸው አለ። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል፤ የኛ ቤት ምጣድ ግን ገና አልሰማም ነበር።

"ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው" ለሚል ሰው ደግሞ አውራ አምባን አስታውሱት። ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ ዙምራ ኑሩ በ1964 የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። እዚያ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። ማን ምን ይሥራ የሚባለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ከጎንደር ገበሬ የበለጠ ሐበሻ ካለ እንግዲህ ፈልጉ።

ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የተረከባችሁትን ሁሉ እሷ ላይ ጭናችሁ "ቀላል ነው" እንዳትሉ። ሠራተኛዋ ያው የራሷን ትሠራለች፤ እናንተ የምትረከቡት ማሰቡንና መምራቱን ነው።

4. ርክክቡ

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሲቀየር ቆጠራ ይደረጋል፣ ይፈረማል። ቤት ውስጥም እንደዚያ አድርጉት። አንድ እሁድ ከሰዓት በቂ ነው።

ቤቱን የምታስረክበው ሰው እየዞረች ታሳያለች። ጤፉ የት ነው፣ ስንት ቀረ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ዘይቱ። የትኛው ጆሮ ያለው ድስት ለጾም፣ የትኛው ለፍስክ። ልጆቹ ምሳ ዕቃቸው ውስጥ ምን ቢገባ ይበላሉ፣ ምን ቢገባ ይመለሳል። የትልቋ መምህር ስልክ። የሽሮፑ መጠን። ገንዘቡን የሚያስረክበው ደግሞ ቴሌብሩን፣ የኪራዩን ቀን፣ የዕድሩን ደብተር፣ ዕዳ ካለ ዕዳውን። አዎ፣ ዕዳውንም። እኔ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ የነበረብኝን ብድር ያወጣሁት ያን ዕለት ነው። ፊቷን ማየት አልፈለግኩም። "ለምን አልነገርከኝም?" ብቻ ነው ያለችው። የፈራሁት ጩኸት ነበር፤ ጩኸቱ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ደብተሩ ላይ ቀናቱን አስፍሩ። የኛ እንዲህ ነበር፦ ረቡዕ ማታ ማቡካት፣ ቅዳሜ ጠዋት መጋገር፤ ማክሰኞና አርብ ሌሊት ውሃ፤ ረቡዕና አርብ ጾም፤ ሐሙስ የልጆች ዩኒፎርም እጥበት፤ በ28 ኪራይ፤ እሁድ ዕድር።

ውሃውን ጽፋዋለች። ሳፋውን ግን አልጻፈችም። "ይሄ እኮ ሥራ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ መጻፍ እንዳለበትም አላሰብኩም" አለችኝ በኋላ። ስለዚህ ስትረካከቡ "ምን ትሠሪያለሽ?" ብቻ አትበሉ። "እንዴት ታስታውሺዋለሽ?" በሉ። ብዙ ነገር የሚወጣው በዚህ ጥያቄ ነው።

5. አፍን መያዝ

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ለሚያስረክበው ሰው ማለቴ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። ካልተጠየቁ አለመናገር። "እኔ ብሆን" የለም። "ነግሬህ ነበር" የለም። ድስት ሲንተከተክ ዓይቶ ከሥሩ እሳት መቀነስ የለም። ከንፈር መምጠጥም የለም፤ ባለቤቴን ይህችን ለብቻዋ ማስጻፍ ነበረብኝ።

የሚፈቀደው አራት ቦታ ነው፦ እሳትና ጋዝ፣ መድኃኒት፣ የልጅ ፈተና፣ እና የማይመለስ ገንዘብ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ጨዋታ ሳይሆን ጥፋት ነው። ከዚህ ውጪ ወጡ ይረር፣ ሸሚዙ ሳይተኮስ ይለበስ።

የተረከበው ሰው መጠየቅ ይችላል። ግን አንድን ነገር አንዴ ብቻ። "ጨው የት ነው?" ብሎ በየቀኑ የሚጠይቅ ሰው አልተረከበም።

እኔ በመጀመሪያው ረቡዕ ቁርስ እንቁላል ጠብሼ አቀረብኩ። በቲማቲም፣ በቃሪያ፣ አሳምሬ። ባለቤቴ ሰሃኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም ብላ ደረቅ ዳቦ በሻይ በላች። ጾም መሆኑን ያስታወስኩት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው፤ ያኔ ለካ በርሜሉም ባዶ ነበር። እንዲያ ያለ ጠዋት ነበር። ግን ዝም ማለቷ ጠቀመኝ። ብትናገር ኖሮ እከራከራት ነበር።

6. እንጀራው

ስለ እንጀራ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ምክንያቱም ወንድ ቤት ሲረከብ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ሰብሮት የሚወጣውም እዚህ ነው።

መግዛት ይቻላል። እኛ ብሎክ ሥር የምትሸጥ ሴት አለች። ግን ቤታችሁ የሚጋገር ከሆነ ጋግሩት፤ ገዝታችሁ "ያን ያህል አይከብድም" ማለት አይቻልም።

አካሄዱ ይህ ነው። ዱቄቱን በቡሃቃ ውሃ እየጨመሩ ማሸት፤ እብጠት እስኪጠፋ ድረስ። ክንድ ይፈልጋል። ካለፈው የቀረውን እርሾ መጨመር፣ ከድኖ ማስቀመጥ። በኛ ብርድ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በመጋገሪያው ጠዋት ላዩ ላይ የቋጠረውን ውሃ ማጥለል፤ ከሱ ለሚቀጥለው እርሾ ማስቀረት። ከዚያ አብሲት። ከቦካው ሊጥ ሁለት ጭልፋ ያህል ወስዶ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ ማብሰል፤ እንደ አጥሚት ወፈር ሲል ማውረድ፤ ለብ እስኪል መጠበቅ፤ ወደ ሊጡ መመለስ። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን ማጋል፣ በማሰሻ መወልወል፣ ከዳር ወደ መሐል እያዞሩ ማፍሰስ፣ ዓይን ማውጣቱን ዓይቶ መክደን።

"ለብ እስኪል መጠበቅ" የሚለውን ጽፌዋለሁ። ግን ልጆቹ ርቧቸው ነበር፤ እኔም ቸኩያለሁ። አብሲቱን ትኩሱን መለስኩት።

ሊጡ ኩፍ አላለም። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። እንደምንም ጋገርኩ። የመጀመሪያው ማሟሻ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛውም ማሟሻ ሆነ። አራተኛው ላይ መብራት ጠፋ።

ምጣዱ እየቀዘቀዘ፣ ግማሽ የተጋገረ እንጀራ እላዩ ላይ ተጣብቆ፣ ሊጥ እስከ ክርኔ ደርቆብኝ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ ሳሎን ናት፤ ትሰማለች። አትመጣም። ሕጉ ሕግ ነው። ያኔ ትዝ ያለኝ ምን መሰላችሁ? አንድ ቅዳሜ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ይሆናል፣ ከውጭ ገብቼ "ዛሬ እንጀራው ምነው እንዲህ ዓይን የለውም?" ብያት ነበር። እንዲሁ ለጨዋታ። እሷ ያን ቀን አልበላችም። ራሴን አመመኝ ብላ ተኛች። እኔም አምኜ ነበር።

መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። የተጋገሩት ዓይን የሌላቸው ስድስት እንጀራ ነበሩ። ትልቋ ልጄ "አባ፣ ይሄ ቂጣ ነው?" አለች። ባለቤቴ ቆርሳ በላች። "ይበላል" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ለጀማሪ የምመክረው፦ በትንሹ አቡኩ፣ አብሲቱን አትቸኩሉ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በጊዜ ጀምሩ፣ ካርዱ ላይ ሒሳብ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ አንድ የመጋገሪያ ጠዋት ሒሳቡን ላፍ ያደርገዋል። ካርድ መሙላት በዚያ ሳምንት የሷ ሥራ ስለነበር፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ "መብራት ሊያልቅ ነው እኮ" ባይ ሆንኩ፤ እሷ ደግሞ "እስኪ አያለሁ" ባይ።

7. ገንዘቡን የተረከበችው

"እስኪ አያለሁ" የኔ ቃል ነበር። ሽንኩርት ሲባል፣ ጫማ ሲባል፣ የልጅ ክፍያ ሲባል። እሷ ለዓመታት ንፍገት አድርጋ ነው ያየችው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ወሩ በገባ በ26ኛው ቀን፣ ከማድቤት ወጥቼ "ዘይት አልቋል፣ ላኪልኝ" አልኳት። ስልኳን ከፍታ ዝም ብላ አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ "እስኪ አያለሁ" አለች።

ሁለታችንም ሰማነው። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለካ የሌለህ ጊዜ ነው እንዲህ የምትለኝ" አለች።

"ሰው መከልከል" የሚለውም ደረሰ። ታናሽ ወንድሜ ደወለ፤ ትንሽ ብር ፈልጎ። ስልኩን ሰጠኋት። ወንድሜን ትወደዋለች። ኪራዩ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አሥር ደቂቃ ተናገረች፣ በስተመጨረሻ "በሚቀጥለው ወር ይሆናል የኔ ወንድም" ብላ ዘጋች። ማታውን ሁለት ጊዜ "ተቀየመኝ ይሆን?" አለችኝ። ይህን እኔ በወር ሦስት አራቴ እሠራዋለሁ። ማንም ሥራ ነው ብሎ ቆጥሮት አያውቅም፤ እኔም ጭምር።

አንዳንዱን ግን ከኔ በተሻለ ሠርታዋለች። አከራያችን ኪራይ ልትጨምር አስባ በደላላ በኩል ታስጠይቅ ነበር። እኔ ብሆን ስልክ ላይ እጨቃጨቅ ነበር። እሷ ቤቷ ድረስ ሄደች፣ ቡና ጠጣች፣ የልጆቿን ትምህርት ጠየቀች፤ ከዚያ በመሐል በ2016 የወጣውን የኪራይ አዋጅ አነሳች። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ የኛ የታደሰው ውል ደግሞ ዓመትም አልሞላው። ነገሩ በዚያው ቀረ። ሥራ መቀያየር የሌላውን ድካም ብቻ አያሳይም፤ ለየትኛው ሥራ ማን እንደሚሻልም ያሳያል። ከዚያ ወዲህ አከራይና ደላላ የሷ ናቸው።

ዕድር ላይ ግን ተቸገረች። እሁድ ስትገባ "ባለቤትሽ የሉም እንዴ?" ተባለች። ለሷ አንድ ቃል ሳይሰጣት ስብሰባው አለቀ። ድንኳን ለመትከል የሚወጡት ወንዶች ስም ዝርዝር ላይ የኔ ስም አለ፤ በኔ ፈንታ እሷ ልትቆም ስትል ሳቁባት። እኔ ምጣድ ላይ ስቆም የሳቀብኝ ሰው ትዝ አለኝ።

8. ጎረቤትና አማት

ይሳቃል። ተዘጋጁበት። እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤቴ "ምነው፣ ሚስት ታመመች?" አለ። ደህና ናት ስለው የበለጠ ግራ ገባው። ወንድ ማድቤት ሲገባ መድኃኒት አስነክታው ነው የሚል ሰው ዛሬም አለ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው።

ለጎረቤት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። "ተቀያይረን ነው" በቂ ነው። ለእናቶች ግን ቀድማችሁ ንገሩ። እኛ አልነገርንም። እናቴ ሳትናገር ከች አለች፤ እኔ ሊጥ በሊጥ ሆኜ በር ከፈትኩላት። ባለቤቴ ሶፋ ላይ ደረሰኝ ትደምራለች።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?" አለች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ።

"ሥራ ተቀያይረን ነው እማዬ።"

"የምን መቀያየር? አባትህ ይሄን ቢያይ!"

ባለቤቴ ተነስታ ሥራውን ልትቀበለኝ ነበር። እንዳትነሺ ብዬ በዓይን ከለከልኳት። ጥፋት ነበር፤ እናቴ ዓይኔን አየችው፣ ባሰ። ምክሬ ይህ ነው፦ እንግዳ ሲመጣ ሕጉን ለአንድ ሰዓት አንሱት። ማንንም ለማሸነፍ አይደለም የተቀየራችሁት። ደግሞም የራስ እናት ስትሆን የሚናገረው ልጇ ይሁን፤ ምራት ከተናገረች ነገሩ ሌላ ይሆናል።

እናቴ እንጀራዬን በላች ግን። "አብሲቱን አቻኮልከው" አለች። እጄን ይዛ አየችው፤ ምጣዱ ጠበስ አድርጎኝ ነበር። "አባትህ እኮ አንድ ቀን እንኳ እጄን አይቶ አያውቅም" ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

9. ሦስቱ ስኒ

በየሳምንቱ እሁድ ቡና አፍሉ። የሚያፈላው ማድቤቱን የተረከበው ሰው ነው፤ ከሰሉም የሱ ነው። ስልክ ይራቅ። ንግግሩን በሦስቱ ስኒ ከፋፍሉት፤ ይህን ያመጣችው ባለቤቴ ናት።

አቦል ላይ፦ በዚህ ሳምንት ምን አደከመህ? መላሹ ብቻ ይናገራል። ሌላው አይመልስም፣ "እኔም እኮ" አይልም።

ቶና ላይ፦ ምን አላውቅም ነበር? እዚህ ጠቅለል ያለ ነገር አትናገሩ። "ብዙ እንደምትለፊ አሁን ገባኝ" ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የግንቦት 20 ንግግር ይመስላል። አንድ ነገር ጥሩ። "ሳፋው ለምን እንደሚደፋ አላውቅም ነበር" በሉ።

በረካ ላይ፦ የቱን ልመልስልህ፣ የቱን ላስቀር?

በመጀመሪያው እሁድ አቦል ላይ ተጣላን። እኔ ድካሜን ስናገር እሷ "ስድስት ዓመት እኮ ነው!" አለች። ልክ ናት፤ ግን ሕጉን ጥሳለች። ቶናው ሳይቀዳ ቀረ። እንዲህ ከሆነ በግድ አትቀጥሉ፤ በማግስቱ ጀበናውን መልሳችሁ ጣዱ።

10. መመለሱ

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉንም ወደነበረበት አትመልሱ፤ ሁሉንም እንደተቀየረ ለመተውም አትሞክሩ። እያንዳንዳችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ለዘለቄታው ቀይሩ፤ ከነሐሳቡ። እኔ ውሃውን፣ ቅዳሜ እንጀራውንና ለእናቴ መደወልን ወሰድኩ። እሷ ኪራዩን፣ ደላላውንና ቴሌብሩን። ዕድሩን ገና እየተነጋገርን ነው፤ ዳኛው ጋ አብረን ሄደን የሷም ስም ይጻፍ ብለናል፣ "በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል" ተብለናል።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩን አውጥታችሁ እዩት፤ ሥራ ቀስ እያለ ወደ ድሮ ባለቤቱ ይሸሻል። ውሃው ከኔ ሸሽቶ ሊሄድ ሲል ሁለት ጊዜ ይዘነዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ሳፋውን ደፍቼ ተኛሁ። ውሃው መጣ፣ ሳፋው ጮኸ፣ እኔ አልሰማሁም። ባለቤቴ ሰምታለች። ተኝታ አዳምጣዋለች፤ ሲጀምር እስከ ሲያቆም። አልቀሰቀሰችኝም፣ አልተነሳችምም።

ጠዋት ፊቴን በሃይላንድ ውሃ ስታጠብ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ሰምተሽ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ካልተጠየቁ አለመናገር" አለችና ልጆቹን ልታለብስ ሄደች።